«ወንፊት ድሮም ነበረ» ተብሎ ስለተመለሰብን የፈጠራ መብት ጥያቄ፦ ግልጽ ደብዳቤ

የፈጠራ መብት ጥያቄዎችን ለሚቀበለውና ለሚመረምረው መሥሪያ ቤት
ለተከበሩ ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ አቧራ የሚያስቀር ድርብርብ የናኖፋይበር (ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ሰው ሠራሽ ክር) የመስኮት ወንፊት የፓተንት ማመልከቻ በቂ ምክንያት ሳይሰጠው ውድቅ ስለመደረጉ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

እኛ በደቡብ ወሎ፣ በኮምቦልቻ ከተማ፣ በአንድ የመስኮትና የበር ሥራ ማኅበር የተሰባሰብን ሰባት ሰዎች ነን። አራታችን ከብየዳና ከአሉሚኒየም ሥራ የመጣን፣ ሁለታችን የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና የተማርን ስንሆን፣ ሰባተኛዋ አባላችን በልብስ ስፌት የምትተዳደር ናት። አየርና ብርሃን እያስገባ አቧራን ግን ከውጭ የሚያስቀር የመስኮት ወንፊት ሠርተን ኅዳር 2017 ዓ.ም. ለመሥሪያ ቤትዎ የፓተንት ማመልከቻ አስገባን። ሐምሌ ላይ የደረሰን መልስ ከአምስት መስመር የማይበልጥ ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩም «ወንፊት ድሮም ነበረ፤ ናኖፋይበርም የታወቀ ነው፤ ዕቃውም በኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታይቷል፤ ስለሆነም አዲስነት የለውም» የሚል ነው። ምክንያቱ እንዲብራራልን ሁለት ጊዜ ጽፈን መልስ ስላላገኘን፣ ደግሞም በደሴና በወልዲያ ያሉ የሙያ ጓደኞቻችን ተመሳሳይ መልስ ይዘው መመለሳቸውን ስለሰማን፣ አቤቱታችንን በግልጽ ለመጻፍ ተገደናል።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ፈጠራችሁን በአደባባይ ከጻፋችሁት ይሰረቅባችኋል» ብለው መክረውን ነበር። ማመልከቻው የገባበት ቀን በመዝገብ ስለተያዘ፣ ከዚያ ቀን በኋላ የምንናገረው ነገር የፈጠራውን አዲስነት አያሳጣውም፤ ስለዚህ እዚህ የምንገልጸው በማመልከቻችን ውስጥ የተጻፈውን ብቻ ነው።

ከፈጠራው በፊት ስለ አቧራው ጥቂት ማለት ግድ ይለናል። በኮምቦልቻ በኩል አልፎ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የሚወርደውን የጭነት መኪና መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ በበጋ ወራት ከመንገዱ ዳር ያለ ቤት ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። የመጀመሪያውን ወንፊት የሰቀልንላቸው አንዲት እትዬ ቡና ሲያፈሉ ስኒዎቹን ረከቦቱ ላይ ከመደርደራቸው በፊት ያጥቧቸዋል፤ ጀበናው ሲንተከተክ በነጭ ጨርቅ ይሸፍኗቸዋል፤ ቡናው ሊቀዳ ሲል ደግሞ ጨርቁን ገልጠው በእያንዳንዱ ስኒ ከንፈር ላይ ጣታቸውን ያዞሩና ጣታቸውን አይተው እንደገና ያለቀልቋቸዋል። መስኮቱን ለምን አይዘጉትም ስንላቸው «በጭሱ ልሙት?» አሉን። በመስኮታቸው ላይ የተለመደው የትንኝ ወንፊት ነበረ። ነገር ግን የዚህ ዓይነቱ ወንፊት ዓይን ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ሳንባ ድረስ ዘልቆ የሚገባው ደቃቅ ብናኝ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር አይበልጥም፤ ይህም ከወንፊቱ ዓይን ቢያንስ 400 ጊዜ ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ፣ የዚህ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳያልፍ የመከረው ያለ ነገር አይደለም።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ናይለን 6 የተባለውን ፕላስቲክ በፎርሚክ አሲድ እናሟሟና በሐኪም ቤት መርፌ ቱቦ ውስጥ እናደርገዋለን፤ ከአሮጌ ቴሌቪዥን በተፈታ ትራንስፎርመር ከ15 እስከ 20 ሺህ ቮልት ስንሰጠው፣ ከመርፌው ጫፍ የሚወጣው ጠብታ ይሳብና ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ክር ሆኖ በስፌት መኪና ሞተር በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ይጠመጠማል። ኤሌክትሮስፒኒንግ የሚባለው ዘዴ ይኸው ነው። ክሩ እንዲህ ሲቀጥን ሌላም ጥቅም ያገኛል፤ ውፍረቱ የአየር ሞለኪውል ሌላ ሞለኪውል ሳይገጨው ከሚጓዘው ርቀት ጋር ሲቀራረብ፣ አየሩ በክሩ ዙሪያ እየተንሸራተተ ስለሚያልፍ ማጣሪያው ንፋስን እምብዛም አያፍንም። ይህ ርቀት በባሕር ወለል ላይ ወደ 66 ናኖ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እንደ ደሴ ባለ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ከዚያ ይረዝማል።

ወንፊታችን ሦስት ሽፋን አለው። በውጭ በኩል የተለመደው የሽቦ ወንፊት፣ ቀጥሎ ወፈር ካለ ክር የተሠራ ስስ ጨርቅ፣ በመጨረሻም የናኖፋይበሩ ሽፋን ይመጣል። እስከዚህ ድረስ ያለው የማንም ነው። የኛ የምንለው አያያዙን ነው። ሁለቱ ጨርቆች በሙሉ ገጻቸው አልተጣበቁም፤ በየስንዝሩ ርቀት በአግድም በተዘረጉ ጣት በሚያካክሉ መስመሮች ላይ ብቻ ተያይዘው፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ላላ ብሎ ይንጠለጠላል። ንፋስ ሲነፍስ የላላው ክፍል ይርገበገባል፤ በላዩ የተከመረው አቧራም ተራግፎ ከማዕቀፉ ግርጌ ወዳለች ትንሽ አሸንዳ ይወርዳል፤ የቤቱ ባለቤት በሳምንት አንድ ጊዜ አሸንዳዋን ይደፋል።

ይህን ያገኘነው በጥበባችን ብዛት ነው ብለን አንዋሽም። ሙጫ ስላለቀብን ነው። ለአንድ ወፍጮ ቤት ሁለት ወንፊት ልንሠራ ቃል ገብተን አንዱን በሙሉ ገጹ ካጣበቅን በኋላ ሙጫው አለቀ፤ ልብስ ሰፊዋ አባላችን ሁለተኛውን በሪባን ደርባ በመስመር በመስመር ሰፋችው፤ እኛም ለጊዜው ይሁን ብለን ሰቀልነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ስንመለስ የተጣበቀው ወንፊት ዱቄት ጠጥቶ እንደ ግድግዳ ሆኖ ነበር፤ ባለ ወፍጮውም አውልቆ ጥግ አቁሞታል። የተሰፋው ግን ንፋስ ያሳልፋል፤ ከሥሩም ዱቄቱ እንደ ማድጋ ቂጥ ክብ ሠርቶ ተከምሯል። በዘርፉ የተማረ ሰው ናኖፋይበር በቀላሉ ስለሚቀደድ በሙሉ ገጹ ደጋፊ ጨርቅ ላይ ማጣበቅ እንደሚሻል ይነግርዎታል፤ የኛዎቹ ሁለት መሐንዲሶችም ያሉት ይህንኑ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዎቻችን እንግባ።

የመጀመሪያውና ዋነኛው፣ የመሥሪያ ቤትዎ መልስ አዲስነትንና ፈጠራዊ ብቃትን (ለሙያው ሰው በቀላሉ ግልጽ አለመሆንን) አንድ አድርጎ ማየቱ ነው። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 አንድ ፈጠራ ፓተንት እንዲያገኝ አዲስ መሆኑን፣ ፈጠራዊ ብቃት ያለው መሆኑንና በኢንዱስትሪ ሊሠራበት የሚችል መሆኑን ይጠይቃል። ሦስቱ ለየራሳቸው የሚመዘኑ ናቸው። አዲስነት የለውም ለማለት የፈጠራው ክፍሎች በሙሉ፣ አያያዛቸውም ጭምር፣ በአንድ ቀደምት ሰነድ ወይም በአንድ ቀደምት ዕቃ ውስጥ አንድ ላይ ተገኝተው መታየት አለባቸው። መርማሪው ግን ሽቦውን ከገበያ፣ ናኖፋይበሩን ከመጽሔት፣ ማሽኑን ከአሮጌ ፓተንት አምጥቶ ሦስቱን ደምሮ «አዲስ አይደለም» ብሏል። እንዲህ ከተደመረ አዲስ የሚባል ነገር በዓለም ላይ አይገኝም፤ አውሮፕላንም ክንፉ ከወፍ፣ ሞተሩ ከመኪና ነው ተብሎ ይመለስ ነበር።

ናኖፋይበር የታወቀ መሆኑን እኛም በማመልከቻችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፈናል። ፈሳሽን በኤሌክትሪክ ኃይል የመበተን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1902 ኩሊና ሞርተን የተባሉ ሁለት ሰዎች በአሜሪካ በየፊናቸው ፓተንት አግኝተውበታል። ፎርምሃልስ የተባለውም ክር ለማምረት እ.ኤ.አ. በ1934 ፓተንት ተሰጥቶታል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ብርሃን 90 በመቶ ያህል እያሳለፈ ከ95 በመቶ በላይ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ የናኖፋይበር ማጣሪያ አሳትመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በቻይና የሚሠሩ ተመራማሪዎች ናኖፋይበርን በቀጥታ በመስኮት ወንፊት ላይ እየነፉ ማልበስ እንደሚቻል አሳይተዋል። ስለዚህ «ናኖፋይበር ያለው የመስኮት ወንፊት» ብለን ብቻ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ መመለሳችን ተገቢ ነበር። የጠየቅነው ግን አያያዙን ነው፤ ስለ አያያዙ በመልሱ ውስጥ አንዲት ቃል የለችም።

መሥሪያ ቤቱ «አያያዙም ቢሆን ለባለሙያ ግልጽ ነው» የሚል ከሆነ ይህ ስለ ፈጠራዊ ብቃት የሚነሳ ሌላ ክርክር ነው፤ ክርክሩንም በደስታ እንቀበላለን። ከሸማኔ አገር የመጣን ሰዎች ስለሆንን ድሩም ማጉም የቆየ መሆኑ ጥለቱን የቆየ እንደማያደርገው እናውቃለን። የሌሎች አገሮች ፍርድ ቤቶችም በዚህ ላይ ብዙ ብለዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1966 በአዳምስ የባትሪ ጉዳይ፣ ማግኒዚየሙም ኩፕረስ ክሎራይዱም ቀድሞ የታወቁ ሆነው ሳለ፣ ሁለቱ ተገናኝተው በተራ ውሃ ብቻ የሚሠራ፣ ባለሙያዎች ያልጠበቁት ባትሪ በመውጣቱ ፓተንቱን አጽንቷል። ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 በመኪና ፔዳል ጉዳይ የታወቁ ነገሮች ተገጣጥመው የሚጠበቀውን ውጤት ብቻ ሲሰጡ ፓተንት አይገባቸውም ብሎ ፓተንቱን ውድቅ ሲያደርግ እንኳ፣ እያንዳንዱ ክፍል በተናጠል የታወቀ መሆኑን ማሳየት ብቻውን እንደማይበቃና ባለሙያው ለምን አንድ ላይ ያገጣጥማቸው እንደነበር ምክንያቱ መነገር እንዳለበት ገልጿል። እነዚህ ፍርዶች በአገራችን ገዢ እንዳልሆኑ እናውቃለን። ያነሳናቸው ምክንያት መስጠት የመርማሪ ሥራ መሆኑን ለማሳየት ነው፤ መርማሪው የተጠቀመባቸው ሰነዶችም የመጡት ከዚያው ከውጭ ነው።

እንዲያውም በኛ ላይ ሊቀርብ የሚችለውን ከዚህ የበረታ መከራከሪያ እኛው እንንገርዎት። በፋብሪካ የአቧራ ማጣሪያዎች ላይ የናኖፋይበር ገጽ መጠቀምና የተከመረውን አቧራ በተጨመቀ አየር እየመቱ ማራገፍ ከአርባ ዓመት በፊት ጀምሮ የሚሠራበት ነው። መርማሪው ይህን ቢጠቅስ ኖሮ ቁጭ ብለን የምናስብበት ጥያቄ ይሆንብን ነበር። መልሳችን፣ በዚያ መጭመቂያ ማሽንና መብራት ያስፈልጋል፣ በኛ ግን አቧራውን የሚያመጣው ንፋስ ራሱ ያራግፈዋል፤ ይህም የሚሆነው በአያያዙ ምክንያት ብቻ ነው የሚል ይሆናል። በዚህ ልናሸንፍም ልንሸነፍም እንችላለን። በአምስት መስመር ደብዳቤ ግን መከራከር አልቻልንም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ ኤግዚቢሽኑ ነው። ወንፊቱ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ደሴ ላይ በተዘጋጀ የወጣቶች የሥራ ውጤት ባዛር ላይ ታይቷል፤ ያሳየነውም እኛው ነን። ማመልከቻውን ያስገባነው ከስድስት ወር በኋላ ነው። አዋጁ አመልካቹ ራሱ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ ለሕዝብ የገለጸው ነገር አዲስነትን እንደማያሳጣ ይደነግጋል። ይህን በማመልከቻችን ላይ ከባዛሩ የምስክር ወረቀት ጋር አያይዘን ጠቅሰን ነበር። መርማሪው የምስክር ወረቀቱን ለማስረጃነት ተጠቅሞ ድንጋጌውን ግን አልፎታል፤ ማለትም በገዛ ሰነዳችን ከሰሰን። ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ፣ ወጣቱን «ና ሥራህን አሳይ» እያለ ወደ ባዛር የሚጠራው የመንግሥት አካል መሆኑ ነው። በአውሮፓ ሕግ እንዲህ ያለ የ12 ወር እፎይታ ስለሌለ፣ ከባዛር በፊት ያላመለከተ ወጣት በዚያ በኩል መብቱን እንደዋዛ ያጣል። ይህን አስቀድሞ የነገረን ማንም የለም፤ እኛ ያወቅነው ከሆነ በኋላ ነው።

ሦስተኛው የቃል ጉዳይ ነው። ክሌም የሚባለውን የመብት ወሰን መግለጫ በአማርኛ ስንጽፍ ሽፋኖቹ «በአግድም መስመሮች ላይ ብቻ የተያያዙ» ብለናል። በመሥሪያ ቤቱ በተሞላው የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ ላይ «ብቻ» የምትለው ቃል የለችም። «ብቻ» ከሌለች በሙሉ ገጹ የተጣበቀውም ወንፊት መስመሮቹ ላይ ተያይዟልና በኛ መግለጫ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ በርግጥም አዲስ አይደለንም። መርማሪው ያነበበው ማጠቃለያውን ይሁን ማመልከቻውን ከመልሱ መረዳት አልቻልንም፤ ጥርጣሬያችን ግን ማጠቃለያውን ነው። ከሐይቅ አለፍ ብሎ የሚገኘው ውጫሌ የኛው አገር ነው። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ብሎ በጣልያንኛው ሌላ በማለቱ ምን እንደመጣ የወሎ ልጅ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚሰማው ነው። ስለ አንዲት ቃል ብንጨነቅ አይፍረዱብን።

ከዚህ የቀረውን በአጭሩ እናልፈዋለን። ፈጠራው ለፓተንት አይበቃም ቢባል እንኳ፣ አዋጁ አነስተኛ ፈጠራን ለአምስት ዓመት የሚጠብቅና ለሌላ አምስት ዓመት ሊታደስ የሚችል የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፍኬት አስቀምጧል። ለፓተንት የሚሰጠው 15 ዓመት፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ እየተሠራበት መሆኑ ሲረጋገጥም የሚጨመረው አምስት ዓመት፣ ለኛ ዓይነት አነስተኛ ሠሪ የግድ አይደለም፤ ከጎረቤት ባለ ጋራዥ ለመጠበቅ አምስቱም ይበቃን ነበር። ይህን አማራጭ በመልሱም ሆነ በቃል የነገረን የለም። ደግሞም የጎደለች አንዲት ፊርማ ለማሟላት ሁለት ጊዜ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ተመላልሰናል፤ ለሁለተኛው ጉዞ የወጣው ገንዘብ የአንድ ወር የአሉሚኒየም መግዣችን ነበር።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። ማመልከቻችን በሌላ መርማሪ፣ ከአማርኛው ዋና ጽሑፍ ላይ እንደገና እንዲታይልን፤ አሁንም ውድቅ የሚሆን ከሆነ የትኛው የመብት ወሰን በየትኛው ሰነድ እንደተነካ፣ አዲስነቱ ነው ወይስ ፈጠራዊ ብቃቱ የጎደለው፣ ሰነዶቹ ከአንድ በላይ ከሆኑም ባለሙያው ለምን ያገናኛቸው እንደነበር በጽሑፍ እንዲነገረንና መልስ የምንሰጥበት ጊዜ እንዲወሰንልን፤ የባዛሩ ጉዳይ በአዋጁ የ12 ወር ድንጋጌ መሠረት እንዲታይልን፤ ፓተንቱ የማይቻል ከሆነ የመጀመሪያው የማመልከቻ ቀን ተጠብቆልን እንደ አነስተኛ ፈጠራ እንዲታይ መንገዱ እንዲጠቆመን፤ እንዲሁም ባዛር የሚያዘጋጁ የክልልና የዞን አካላት ወጣቶችን ከመጥራታቸው በፊት «መጀመሪያ አመልክቱ» ብለው እንዲያስጠነቅቁ መሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው።

ለምርመራው የሚያስፈልግ ከሆነ ሁለቱንም የወፍጮ ቤት ወንፊቶች፣ የተጣበቀውንና የተሰፋውን፣ ዱቄቱ እንዳለበት አስቀምጠናቸዋል፤ በራሳችን ወጪ እናመጣቸዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ብየዳ ሠራተኛ
የማኅበሩ ጸሐፊ፣ የጨርቃ ጨርቅ መሐንዲስ
የማመልከቻው ቀዳሚ የፈጠራ ባለቤት፣ ልብስ ሰፊ

ኮምቦልቻ፣ ደቡብ ወሎ